ከትምህርት ቤት ሲደወል ደስ እንዲለን

በሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ በረዶ ሲጥል ያደረ እንደሆነ፣ አብዛኛው ሰው ከአልጋው ሳይወርድ አንድ ነገር መቆረጥ አለበት። ትምህርት ቤት በሰዓቱ ይከፈታል? ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ይከፈታል? ወይስ ጭራሹን ይዘጋል? የካውንቲው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ200 ይበልጣሉ፤ ተማሪዎቻቸው ወደ 160 ሺህ ይጠጋሉ። ውሳኔው የዲስትሪክቱ የበላይ ኃላፊ፣ የሱፐርኢንቴንደንቱ ነው። ውሳኔውን እያንዳንዱ ቤት ማድረስ ግን የሌላ ሰው ሥራ ነው። ያ ሰው በጨለማ ተነስቶ መልእክቱን ይጽፋል፣ በስልክና በኢሜይል ያስተላልፋል፣ ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች ያሳውቃል። "ልጄን ማን ዘንድ ልተወው?" ብሎ የሚጨነቅ አባት ለሥራ ከመውጣቱ በፊት ቁርጡን እንዲያውቅ የሚሮጠው እሱ ነው።

የኮሙኒኬሽንና የማኅበረሰብ ግንኙነት ኃላፊ ይባላል። እናንተ በአሜሪካ ያደጋችሁ ወይም ልጅ የምታሳድጉ አንባቢዎቼ፣ ይህን ወንበር በደንብ እንድታዩት እፈልጋለሁ። ለእናንተ ይገባል።

ለምን ቢባል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ወይም ሲያትል ያደገ የሐበሻ ልጅ ሥራውን የጀመረው ገና በልጅነቱ ነው። ፖስታ ሲመጣ ከፍቶ ያነበበው፣ ክሊኒክ ከእናቱ ጋር ገብቶ ያስተረጎመው፣ ባንክ ቤት መስኮት ሥር ቆሞ የአባቱን ጥያቄ በሌላ ቋንቋ ያቀረበው እሱ ነው። የትኛውን ቃል ቢያስቀድም እናቱ እንደማትደነግጥ ያውቃል። አባቱ "እሺ" ሲሉ መቼ ተስማምተው እንደሆነ፣ መቼ ደግሞ በአክብሮት ዝም ማለታቸው እንደሆነ ይለያል። ይህን ብዙዎቻችሁ እንደ ሸክም ታስታውሱት ይሆናል፤ ሸክምም ነበር። ግን ዲግሪ ይዞ የመጣ ባለሙያ ዓመታት ፈጅቶ የሚማረውን ችሎታ አስጨብጧችኋል። ዛሬ በሥራ ማመልከቻችሁ ላይ በኩራት ልትጽፉት ይገባል።

ከአገራችን ይዘን የመጣነው አንድ ሐረግ አለ፦ "ወላጅ አምጣ"። ይህን የሰማ ልጅ ሌሊቱን አይተኛም። የተጠሩት ወላጅም የሚሄዱት ሊቆጡ ወይም ይቅርታ ሊጠይቁ ነው። ልጁ ጎበዝ ስለሆነ ወላጅ ተጠርቶ ያውቃል? ከስንት አንዴ። እንዲህ ሆኖ ያደገ አባት ቨርጂኒያ ውስጥ ስልኩ ላይ የልጁ ትምህርት ቤት ቁጥር ሲመጣበት ልቡ ይመታል። ስብሰባ ሲጠራም ስሙ ተለይቶ ካልተጠራ ጥፋት የለም ብሎ ደስ ይለዋል፣ ይቀራልም። መምህሩ ደግሞ ባዶውን ወንበር አይቶ "ይሄ ቤተሰብ ለልጁ ግድ የለውም" ይላል። ተሳስቷል! ያ አባት ያልመጣው መምህሩን ስለሚያምን ነው፤ "የቀለም ነገር የመምህር ነው" ተብሎ ነው ያደገው። ሁለቱም ልጁን ይወዱታል፣ ሁለቱም ዝም ብለው ይጠባበቃሉ። በመካከላቸው ገብቶ ይህን ለሁለቱም ማስረዳት የሚችል ሰው ካለ የልጁ ዕድል ይለወጣል። ከማኅበረሰብ ግንኙነት ሥራ ሁሉ ከባዱም ክቡሩም ይሄ ይመስለኛል።

መፍትሔውም ሩቅ አይደለም። በካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ በ1998 መምህራን በፈቃዳቸው የተማሪዎቻቸውን ቤት እየሄዱ የሚጎበኙበት አሠራር ተጀምሮ ወደ ሌሎች ግዛቶችም ተስፋፍቷል። በመጀመሪያው ጉብኝት ስለ ውጤትና ስለ ጥፋት አይነሳም። የሚጠየቀው ወላጅ ለልጁ ምን እንደሚመኝ፣ ምን ተስፋ እንደሚያደርግለት ነው። እስቲ ይህን በእኛ ቤት አስቡት። መምህሯ ገብታ ተቀምጣ፣ ቡና ተፈልቶ፣ እማማ ስለ ልጃቸው ምኞት በገዛ ቋንቋቸው ሲያወሩ! ከዚያ በኋላ በጥቅምት ወር ስለ ሒሳብ ውጤት ቢደወልላቸው የሚያነሱት ስልክ የዘመድ ስልክ ነው። እናንተ በዚህ ሥራ ላይ ብትሆኑ የመጀመሪያውን ጥሪ የደስታ ጥሪ ማድረግ በእጃችሁ ነው። በዓመቱ መጀመሪያ እያንዳንዱ ቤት አንድ መልካም ወሬ እንዲሰማ ማቀድ ትችላላችሁ።

የሙያው ሰዎች በ1935 የተመሠረተ ብሔራዊ የትምህርት ቤቶች የሕዝብ ግንኙነት ማኅበር አላቸው። ሥራውን በአራት ደረጃ ይከፍሉታል፦ ጥናት፣ ዕቅድ፣ ትግበራ፣ ግምገማ። እኔን የሚያስደስተኝ ጥናት መቅደሙ ነው። ከመናገር በፊት መስማት ማለት ነው። ወላጆች ሌሊት የሚሠሩት የት ነው? ፓርኪንግ ውስጥ፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ፣ አየር ማረፊያ ውስጥ ከሆነ፣ የማታ ስብሰባ ጠርቶ አልመጡም ማለት አይቻልም። ወሬ የሚሰሙት ከየት ነው? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሚነገር ማስታወቂያ፣ ከጁምዓ መልስ፣ በዕድር ስብሰባ፣ በቴሌግራም ቡድን ከሆነ መልእክቱም እዚያው ይሂድ። ሰዓቱስ? "ትምህርት በ10 ሰዓት ይጀምራል" የሚል የአማርኛ መልእክት ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት? እኛ የአሜሪካኑን የጠዋት 10 ሰዓት ጠዋት 4 ሰዓት ብለን እንቆጥረዋለን። ማሽን የተረጎመውን እንዳለ የሚልክ ሰው ይህን አያይም፤ እናንተ ግን ከመላኩ በፊት ታዩታላችሁ። የአንድ ሕፃን በብርድ ደጅ መቆም የሚቀረው በዚህ ትንሽ ጥንቃቄ ነው።

ክፉ ቀንም ይመጣል። ትምህርት ቤት በር ዘግቶ ልጆቹን ያስቀመጠበት፣ ፖሊስ የከበበበት ሰዓት። ያኔ ወሬ ከኃላፊው ቀድሞ ይሮጣል፣ ወላጅ በየስልኩ የሰማውን ያባዛል። ጥሩ የኮሙኒኬሽን ሰው እዚህ ላይ ይለያል። በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የልጆቹን ደህንነት ይነግራል። የሚያውቀውን ያህል ይላል፤ ያላጣራውን አላጣራሁም ይላል፤ ቀጣዩ መልእክት ስንት ሰዓት እንደሚመጣ ይቆርጣል፣ በዚያ ሰዓትም ይልካል። አዲስ ነገር ባይኖር እንኳ "አዲስ ነገር የለም" ብሎ ይልካል። የአንድን ተማሪ ጉዳይ ሲጠየቅ የተማሪ መዝገብ ምስጢር እንዲጠበቅ በ1974 የወጣው የፌዴራል ሕግ እንደሚያስረው በትሕትና ያስረዳል። ይህን ማድረግ የሚችል ሰው በአንድ ቀን አይሠራም። በደህናው ጊዜ ሐቅ ሲናገር የቆየ ሰው ነው በክፉ ቀን የሚታመነው፤ ስለዚህ ከወዲሁ፣ ዛሬ ባላችሁበት ሥራ ሁሉ፣ ለሰው የሰጣችሁትን ቀጠሮ አክብሩ።

አንዳንዶቻችሁ "እኛ እንግዳ ነን፣ ምን አግብቶን?" ትሉ ይሆናል። ያገባችኋል። በ1974 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ እንግሊዝኛ የማይችሉ ወደ 1,800 የሚጠጉ የቻይና ተወላጅ ተማሪዎች የቋንቋ እርዳታ ባለማግኘታቸው በተነሳ ክስ ለእነሱ ፈረደላቸው። ያ ፍርድ የ1964ቱን የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ያደረገ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የመጡ የስደተኛ ልጆች ሁሉ፣ የእኛም ጭምር፣ ተጠቅመውበታል። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች በአማርኛም እንዲያገለግሉ በር ከፍታለች። አስተርጓሚ መጠየቅ መለመን አይደለም፣ መብት ነው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይሉ የለ አባቶቻችን?

ከየት ልጀምር ለምትሉ፣ ከቅርብ ጀምሩ። በብዙ ዲስትሪክቶች ወላጆችን ከትምህርት ቤት የሚያገናኙ ሠራተኞች አሉ፤ ቋንቋ የሚችል ሰው ይፈልጋሉ። ከዚያ ወንበር ላይ ሆናችሁ በሁለቱም ቋንቋ አጭርና ግልጽ አድርጎ መጻፍን በየቀኑ ተለማመዱ፤ ጽሑፋችሁንም የስምንተኛ ክፍል ተማሪና አንዲት አያት አንብበው ምን እንደገባቸው ጠይቋቸው። የዲስትሪክቱን በጀት ማንበብ ልመዱ፤ አሰልቺ ይመስላል፣ ግን ኃላፊ የሚሆነው ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ለወላጅ ማስረዳት የቻለ ነው። የትምህርት ቦርዱም ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ለተመዘገበ ጥቂት ደቂቃ የመናገሪያ ጊዜ ይሰጣል። የቀጣዩን ስብሰባ ቀን ዛሬ ማታ ፈልጉና ስማችሁን አስመዝግቡ። እናቶቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ የሚሉት ብዙ አላቸው፣ እናንተም ማስተርጎሙን ታውቁበታላችሁ።