መሶቡን ክደኚው

እስቲ ስልኩን አስቀምጪውና ቀና በይ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ መስታወት ፊት ተቀምጠሽ የዓይንሽን ሥር በሁለት ጣት እየሳብሽ «እትዬ፣ ገና በሠላሳ ሁለት ዓመቴ አረጀሁ እኮ» ትያለሽ። በዚያ ላይ ያቺን በጠብታ የምትቆጠር ብልቃጥ ከዱባይ በሚመጣ ሰው ልታስመጪ ነው። ዋጋዋንም አይቼዋለሁ። የሰው ስልክ በትከሻ አሻግሮ ማየት ነውር ነው፤ የታናሽ እህት ሲሆን ግን ነውሩ ይቀራል።

አላረጀሽም፤ ደርቀሽ ነው። ካላመንሽኝ ዛሬ ማታ ፊትሽን ታጠቢና ውኃው ጨርሶ ሳይደርቅ ቫዝሊን በስሱ ቀቢው። ጠዋት ተነሥተሽ እዚሁ መስታወት ፊት ተቀመጪ። የጠፋው መስመር የድርቀት ነበር፤ የቀረው የዕድሜና የፀሐይ ነው። ከምትፈሪያቸው ውስጥ አብዛኞቹን ፈልገሽ እንደማታገኚያቸው ካሁኑ እነግርሻለሁ፤ ዓይንሽ ሥር ያሉት እንደ ተጨማደደ ስስ ወረቀት ናቸው፣ ጥልቀት የላቸውም። የእኔን ተመልከቺ። ግንባሬ ላይ ያሉት ሁለቱ ቢቀቡም ባይቀቡም ያው ናቸው። አርባ ስድስት ዓመት ሠርቼ ያመጣኋቸው ናቸውና አልከፋባቸውም።

እንጀራ ሳይከደን ሲያድር ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ጠርዙ ይነሣል፣ ስታጥፊው እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል፣ ሁለት ቀን ከሰነበተ ድርቆሽ ነው። መሶብ ውስጥ ተከድኖ ያደረው ግን ጠቅልለሽ ብትፈቺውም መስመር አይዝም። መሶቡ ውኃ አልጨመረለትም፤ የነበረው እንዳይወጣ ብቻ ነው የከለከለው። የፊትሽም ነገር እንደዚሁ ነው። የላይኛው የቆዳ ሽፋን ከደብተር ወረቀት በብዙ የሳሳ ነው፤ የሞቱ ሕዋሳት ተደራርበው የሠሩት። በሕዋሳቱ መካከል ስብ አለ፤ ከውስጥ የሚመጣውን ውኃ ይዞ የሚያቆየው ያ ስብ ነው። ስቡ በሳሙና ታጥቦ ሲሄድ ወይም አየሩ ሲደርቅ ውኃው ይተናል። ሽፋኑ መለጠጡን ያጣል፤ ስትስቂ ይታጠፋል፣ ሳቅሽን ስታቆሚ ግን እጥፋቱ ቶሎ አይመለስም። ብርሃን ደግሞ ሻካራ ነገር ላይ እኩል ስለማያርፍ ትንሿ መስመር ከነጥላዋ ትልቅ ትመስላለች። በእኛ ቆዳ ላይ አመዱ ይጨመርበታል። ነጭ ሰው ላይ እምብዛም የማይታወቅ ድርቀት በእኛ እጅና እግር ላይ ቡን ብሎ ይታያል፤ እማዬ በልጅነታችን ቫዝሊን ይዛ «አንቺ አመዳም» እያለች ያባረረችን ለዚህ ነበር።

እውነተኛው መጨማደድ ያለው ከዚህ ሥር ነው። ከላይኛው ሽፋን በታች ቆዳውን ወጥሮ የያዘ ኮላጅን የሚባል ነገር አለ፤ የጭቃ ቤት ማገር በይው። ጭቃው ሲሰነጠቅ ትለስኚዋለሽ፤ ማገሩ ከተበላ ግን ልስኑ ቤቱን አያቃናውም። ማገሩን ዕድሜ ይበላዋል፣ ሲጋራ ይበላዋል፤ የወር አበባ በቆመ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም በብዙ ይቀንሳል። ከሁሉም ይልቅ የሚበላው ግን ፀሐይ ነው። የሚለሰልስ ቅባት እዚያ ድረስ ወርዶ ማገር አይተክልም፤ ብልቃጡ ላይ የፈለገውን ቢጽፉ። ከሚቀቡት ነገሮች ኮላጅን ላይ ጥሩ ማስረጃ ያለው የቫይታሚን ኤ ዘር የሆነው ትሬቲኖይን ነው። እሱም በሐኪም የሚታዘዝ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ራሱ ያደርቃል፣ ይልጣል። እርግዝና የምታስብ ሴት ደግሞ አትነካውም። ባለፈው እሑድ የነገርሽኝን አልረሳሁም፤ ስለዚህ እሱን ለጊዜው ተይው።

ስለ ፀሐይ አንድ ነገር ልንገርሽ። በ2012 እ.ኤ.አ. ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የተባለው የሐኪሞች መጽሔት የአንድ የ69 ዓመት ሰው ፎቶ አውጥቶ ነበር። ሰውየው 28 ዓመት ዕቃ ማመላለሻ መኪና ሲነዳ የኖረ ነው። የፊቱ ቀኝ የራሱ ነው፣ ግራው ግን የአባቱ ይመስላል፤ በመስኮቱ በኩል የነበረው ጎን ወፍሮ፣ ተሸብሽቦ፣ ተንጠልጥሏል። ቆዳን የሚያስረጀው ጨረር በመስታወት ያልፋል፣ ደመናም ጨርሶ አያቆመውም። እዚህም መሪው በግራ ነው፤ የታክሲ ሾፌሮቻችንን ግራ ክንድ ከቀኙ ጋር አስተያይተሽ ታውቂያለሽ? አንቺም ሚኒባስ ውስጥ ሁልጊዜ መስኮት ሥር ካልሆነ አትቀመጪም።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ ጋቢ የሚያስለብሰው ብርድ እያታለለን እንጂ፣ የምንሞቀው ፀሐይ በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ይበረታል። «ጥቁር ቆዳ አይሸበሸብም» የሚሉት ግማሹ እውነት ነው፤ መልካችን ራሱ የተወሰነ ጥላ ነውና መስመሩ ከነጮቹ ዘግይቶ ይመጣብናል። የእኛን ፊት ፀሐይ ቀድሞ የሚጎዳው በማድያት ነው። እማዬ በጠራራ ጃንጥላ ዘርግታ ገበያ ስትሄድ በስተኋላ እየተከተልን እንስቅባት አልነበር? አሁን ሰባ አልፏታል፤ ጉንጯን ሄደሽ ሳሚና እይው።

እንግዲህ ወደ ድርቀቱ። ጥር ነው፤ ዝናቡ ከሄደ ስንት ወሩ ነው፣ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ነፋሱ አቧራውን ይዞ ይዞራል። አንቺ ደግሞ ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤቱ በእንፋሎት እስኪታፈን በፈላ ውኃ ትታጠቢያለሽ፤ ከዚያ ፊትሽን በገላ ሳሙና ሁለቴ ትፈትጊዋለሽ። ፊትሽ ውጥር ሲልሽ «ጸዳሁ» ብለሽ ትደሰቻለሽ። ስቡ ተጠርጎ ሲሄድ ነው እንደዚያ የሚወጥረው። የቆዳ ፒኤች 5 አካባቢ ነው፤ አብዛኛው ደረቅ ሳሙና 9 እና 10 ይደርሳል። በእኔ አትሳቂ እንጂ፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ወዜ አስጠልቶኝ በልብስ ሳሙና እታጠብ ነበር። ወዝ! ዛሬ ሴቱ ሁሉ በገንዘቡ የሚፈልገውን እኔ በነጻ ተሰጥቶኝ በአጃክስ ሳሙና ስፈገፍገው ከረምኩ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ጉንጬ ተልጦ፣ በሳቅኩ ቁጥር ያቃጥለኝ ነበር።

ውኃው ለብ ይበል፣ ከአሥር ደቂቃም አትለፊ። ማታ ፊትሽን ለስላሳ በሆነ ማጠቢያ አንዴ፣ ጠዋት በውኃ ብቻ። በፎጣ አትፈትጊው፤ ጠብ ጠብ አድርገሽ እርጥበቱን ተይለት። ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚህ ጋ ነው፤ ቅባት የሚቀባው በእርጥብ ቆዳ ላይ ነው። በድርቆሽ ላይ ቅቤ ብታፈሺ ቅቤ የጠጣ ድርቆሽ ነው የሚሆንልሽ እንጂ ትኩስ እንጀራ አይሆንም። ከታጠብሽ በኋላ ስልክ አንሥተሽ ስታወሪ ሩብ ሰዓት ካለፈ እንደገና ውኃ አስነኪው።

ግሊሰሪን ከማንኛውም ፋርማሲ በርካሽ ታገኛለሽ። እሱ ውኃ ጠሪ ነው፤ ያቺ ብልቃጥ ውስጥ ያለው ሃያሉሮኒክ አሲድም ሥራው ያው ነው። እነዚህን ውኃ ጠሪዎች ግን በደረቅ አየር ብቻቸውን ከተውሻቸው ከአየሩ የሚጠሩት ውኃ ስለሚያጡ ከራስሽ ቆዳ ከሥር ይስባሉ። ንጹሕ ግሊሰሪን ተቀብታ «ይበልጥ አደረቀኝ» የምትል ሴት አልዋሸችም። በእኩል ወይም ከዚያ በሚበልጥ ውኃ አቅጥኚው፣ በእርጥብ ፊት ላይ ቀቢው፣ ከላዩ ክደኚበት። ክዳኑ ቫዝሊን ነው። ሮበርት ቼስብሮ የተባለ አሜሪካዊ በ1872 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያወጣበት የነዳጅ ዘይት ተረፈ ምርት ነው፤ ውኃ እንዳይተን በመከልከል ግን ዛሬም የሚስተካከሉት ጥቂት ናቸው። የምስር ፍሬ ታክል በመዳፍሽ አሙቀሽ ጫን ጫን አድርጊው። ብጉር የሚያስቸግራት ጓደኛሽ ቫዝሊኑን ለእጅና ለእግሯ ታድርገው፣ ለፊቷ ቀለል ያለ፣ ሽቶ የሌለበት ክሬም ይበቃታል። ለተረከዝ ንቃቃት ደግሞ ዩሪያ ያለበትን ክሬም ጠይቂ።

ቅቤውንስ ትይኛለሽ። ለጋ ቅቤ እናቶቻችን ራሳቸው ላይ አኑረው በጆሮ ግንዳቸው ሲወርድ ያደሩበት ነው፤ ክዳንነቱን አልክድም። ለፀጉርሽ ይሁን። ፊት ላይ ቀዳዳ ይደፍናል፣ ሽታውንም ቢሮ ይዘሽው አትገቢም።

ውኃ ጠጪ፤ ስለሚያስፈልግሽ እንጂ ሦስት ሊትር ጠጥተሽ ዓይንሽ ሥር አይደርስም። የጎደለብሽ ከሆነ ይሞላልሻል፤ ሞልቶልሽ ከሆነ ሽንት ቤት ያመላልስሻል። ቡናውንም በዚህ ሰበብ እንዳትነፍጊኝ።

ጠዋት ከቅባቱ በኋላ የፀሐይ መከላከያ፤ ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ። በሁለት ጣት ርዝመት ሙሉ አውጥተሽ ፊትሽንና አንገትሽን አዳርሺው፤ ውጭ ከዋልሽ በየሁለት ሰዓቱ ድገሚው። የብልቃጧን ብር እዚህ ላይ አውዪው። ካልተረፈሽ ሰፊ ባርኔጣና የእማዬ ጃንጥላ አለ።

አሁን የምቆጣበት ጉዳይ። ሎሚ ፊትሽ ላይ እንዳላይ። አሲድ ነው፤ የሎሚ ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠልና ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ሊተውም ይችላል። የእንቁላል ነጭ ለአንድ ሰዓት ይወጥራል፣ ታጥቦ ይሄዳል፤ እሱ ጉዳት የለውም፣ ቂጣ አድርጊበት ብዬ ነው እንጂ። ያቺ መለያዋ የማይነበብ ማቅሊያ ግን ከዚህ ቤት ትውጣ። እንደነዚህ ካሉት ክሬሞች ውስጥ ሜርኩሪ የተገኘባቸው፣ ጠንካራ ስቴሮይድ የተቀላቀለባቸው ብዙ ናቸው። ስቴሮይዱ ሁለት ሳምንት ያሳምራል፤ ከዚያ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ደም ሥሩ ይታያል፣ ስታቆሚው ፊትሽ ይነድዳል። መጨማደድን ፈርተሽ ቆዳን የሚያሳሳ ነገር መቀባት ቤት እንዳያፈስ ብሎ ቆርቆሮውን መንቀል ነው።

በዚህ ሁሉ ሦስት አራት ሳምንት ቆይተሽ ድርቀቱ አልለቅ ካለ፣ ሌሊት የሚያስነሣ ማሳከክ ካለ፣ ወይም ከድርቀቱ ጋር ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለትና ክብደት መጨመር ከመጣ፣ ቅባት መቀያየሩን ትተሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። እንቅርት የሚወጣበት እጢ ሲሰንፍ፣ ስኳር ሲጀምር፣ ኩላሊት ሲያስቸግር ቆዳ ይናገራል። አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሐኪሞች አሉ፤ ከፈለግሽ አብሬሽ እሄዳለሁ።

በይ ተነሺ አሁን። ለዱባዩ ሰው «ይቅር» ብለሽ ጻፊለት፣ ፊትሽን ለብ ባለ ውኃ ታጠቢና ሳትደርቂ ነይ። ቫዝሊኑን ክዳኑን ከፍቼ እጠብቅሻለሁ።