ከሣር ማጨጃ ወደ ሞዴል አውሮፕላን፦ ሞተሩን ለመርሳ አየር ማዘጋጀት

የሕዝብ ጤና መምህሩ አስመላሽ ዘፈሩ ስሙ በውጭ መገናኛ ብዙኃን ጭምር የተነሣው በሙያው አልነበረም። በገዛ እጁ አነስተኛ አውሮፕላን ሠርቶ የቮልስዋገን መኪና ሞተር ስለገጠመለት ነው። «ኬ-570ኤ» ብሎ ሰየመው፤ 570ው ሥራው የፈጀው ቀን ነው። የቮልስ ሞተር ውሃም ራዲያተርም አይፈልግም፤ በአየር ይቀዘቅዛል። በብዙ አገር አውሮፕላን በቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች የሚመርጡትም ለዚህ ነው።

በትከሻ የሚንጠለጠለው የሣር ማጨጃ ሞተርም ተመሳሳይ ጠባይ አለው። በአየር ይቀዘቅዛል፣ ብልጭታውን ያለ ባትሪ ያመነጫል፣ ካርቡራተሩም ሞተሩ ቢገለበጥ እንኳ ነዳጅ መሳቡን አያቋርጥም። ባጃጅና ሞተር ሳይክል መፍታት የለመደ፣ በሰሜን ወሎ የመርሳ ወይም የወልድያ መካኒክ ለሞዴል አውሮፕላን ሊያዘጋጀው ይችላል።

ከሁሉ በፊት ግን የፈቃድ ጉዳይ አለ። በኢትዮጵያ በሬዲዮ የሚመራ በራሪ ማስገባትም ሆነ ማብረር ፈቃድ ይጠይቃል፤ የሚመለከታቸው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንና የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ናቸው። ጦርነት ባየው ሰሜን ወሎ ደግሞ ሰማይ ላይ የሚጮህ ትንሽ ሞተር ሰውን ያስደነግጣል፤ ለባለቤቱም አደጋ ነው። ፈቃዱ እስኪገኝ ሥራው ከጠረጴዛ ላይ አይነሣም። ደግነቱ ትልቁ ትምህርት ያለውም ጠረጴዛው ላይ ነው።

ለጀማሪ የሚመቸው በብዙ ገበያ የሚገኘው 43 ሲሲ የቻይና ቱ ስትሮክ ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 40 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 34 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ2 ሜትር ለሚበልጥ ሞዴል ይሆናል። ከመግዛት በፊት ካንዴላውን አውጥቶ ዋናውን ዘንግ በእጅ ወደ ጎን መነቅነቅ ያስፈልጋል። ከተነቃነቀ ኩሽኔታው አልቋል፤ እንዲህ ያለው ሞተር ፕሮፔለር ሊሸከም አይገባውም።

ፍቺው ከፊት ይጀምራል። የማጨጃው ዘንግ የሚገባበት ክፍል ሲወጣ ፍሪሲዮኑ በሁለት ቡሎን ቮላኖው ላይ ታስሮ ይታያል። ፍሪሲዮኑና የፕላስቲክ ሽፋኑ ይወጣሉ። ማግኔቱን የያዘው ቮላኖው ግን ይቀራል። የቮላኖውን ማራገቢያ ክንፎች በቶርኖ ማስላጨት ክብደት ይቀንሳል፤ ሆኖም እኩል ካልተላጨ ሞተሩን ስለሚያንቀጠቅጥ ለመጀመሪያ ሥራ እንዳለ መተው ይሻላል። የኋላው የገመድ ማስነሻም ቢከብድም ቢቆይ ይመረጣል፤ ሞተሩ ሲነሣ እጅን ከፕሮፔለሩ ያርቃል።

ኮይሉ ከተነካ ከማግኔቱ ያለው ርቀት እንደገና ይስተካከላል፤ ልኩ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የኮይሉ ቡሎኖች ይላላሉ፣ በመካከል አንድ ቢዝነስ ካርድ ይገባል፣ ማግኔቱ ኮይሉን ስቦ ካርዱን እንዲጨብጠው ይደረጋል። ቡሎኖቹ ከጠበቁ በኋላ ካርዱ ተስቦ ይወጣል። የማጥፊያው ሽቦ አይቆረጥም፤ በማብሪያ ማጥፊያ በኩል ከሞተሩ አካል ጋር ሲገናኝ ብልጭታውን የሚገድለው እሱ ነው።

ቶርኖ ቤት የሚያስኬደው ዋናው ጉዳይ ፕሮፔለሩን የሚይዘው የአሉሚኒየም እምብርት ነው። የፍሪሲዮኑ ሁለት ቡሎኖች በነበሩበት ቀዳዳ ከቮላኖው ጋር ይታሰራል። ከታሰረ በኋላ የምስማር ጫፍ ፊቱ ላይ ተጠግቶ ሞተሩ በእጅ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ በምስማሩና በእምብርቱ መካከል ያለው ክፍተት ከሰፋና ከጠበበ እምብርቱ ጠማማ ነው፣ ተመልሶ ይላጫል። እዚህ ላይ «ይበቃል» ብሎ ማለፍ አይገባም፤ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር ያች ትንሽ ጥመት ቡሎን ትፈታለች።

ፕሮፔለሩ ለዚህ ሞተር 20 ኢንች ርዝመትና 8 ኢንች ፒች (በአንድ ዙር ወደፊት የሚጓዘው ርቀት) ያለው የእንጨት ቢሆን ጥሩ ነው። በመሐል ቀዳዳው ተንጠልጥሎ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ የከበደው ክንፍ በብርጭቆ ወረቀት ይሞረዳል። የተሰነጠቀ ፕሮፔለር አይጠገንም፤ ይጣላል። ሞተሩ የሚዞርበት አቅጣጫ ካንዴላው ወጥቶ ገመዱ ሲሳብ ይታያል፤ የተለመደው ፕሮፔለር የተሠራው ከፊት ሲታይ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ለሚዞር ሞተር ነው።

ሞተሩ በወፍራም ጣውላ ላይ ይታሰርና ጣውላው በማጠፊያ ወይም በተንሸራታች ሐዲድ ወደፊት እንዲንቀሳቀስ ይደረጋል። ከኋላው የተንጠልጣይ ሚዛን ይያያዛል፤ ሚዛኑ ቢለቅ ሞተሩን የሚይዝ ጠንካራ ገመድም ይጨመራል። ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በ1 ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት ይቀላቀላል። ሰው የሚቆመው ከኋላ ብቻ ነው፤ ከፕሮፔለሩ ጎን ማንም አይቆምም፣ ሕፃናትም አይቀርቡም።

መርሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ በአዲስ አበባ ልዩነቱ ከ20 በመቶ ያልፋል፣ የቀትር ሙቀትም ይጨምርበታል። ለቆላ ወደብ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። «ኤች» የሚል ምልክት ያለባት መርፌ ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ላይ ሳለ ጥቂት በጥቂት ትጠብቃለች፤ ዙሩ ከፍተኛው ላይ ሲደርስ አንድ ስምንተኛ ዙር ትመለሳለች።

ብዙዎችን የሚያታልለው ቀጥሎ ያለው ነው። ሳሳ ያለ አየር የሞተሩን ጉልበት ቢቀንስም ፕሮፔለሩንም ያቀልለታል። ስለዚህ ዙር መቁጠሪያው የባሕር ዳርቻውን ያህል ያሳያል፤ መጎተቱ ግን ቀንሷል። እውነቱን የሚናገረው ሚዛኑ ነው። ለመለማመጃ ሞዴል ሚዛኑ ላይ የሚታየው ጉተታ ቢያንስ የአውሮፕላኑን ክብደት ግማሽ ሊሆን ይገባል። 4 ኪሎ የሚጎትት ሞተር ከ8 ኪሎ በላይ ሞዴል አይሰጠውም፤ ከዚያም ቢያንስለት ይመረጣል፣ ምክንያቱም በሳሳ አየር ለመነሣት የሚያስፈልገው ፍጥነትም ይጨምራል።

ከመጀመሪያው ሙከራ በኋላ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የፕሮፔለሩ ቡሎኖች በሙሉ እንደገና ይጠብቃሉ፤ እንጨት ስለሚታመቅ መላላታቸው አይቀርም። ካንዴላውም ወጥቶ ይታያል። ቡናማ ከሆነ መርፌው ትክክል ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ነጭ ከሆነ ሞተሩ ቤንዚንም ዘይትም አንሶታል፤ ፒስተኑ ሳይነክስ መርፌዋ ወዲያው ትከፈታለች።