ሥር የሚበላ ትልና የጎመንዘር ጥቅም

በኮልፌ ቀራንዮ በወንዝ ዳር ጓሮዎች ካሮቱ ሹካ መስሎ ሲከፈል፣ ቲማቲሙም ውኃ እየጠጣ በቀትር ሲጠወልግ፣ አትክልተኛው አስቀድሞ የሚያስበው ማዳበሪያን ነው። ከከተማው ወጥተን በአምቦ መንገድ ወደ ሆለታ ስንሄድም ገበሬው ስንዴው እዚህም እዚያም ቢጫ ሆኖ ሲቀጭጭበት «መሬቱ ደከመ» ይላል። አንዳንድ ጊዜ እውነቱን ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ሕመሙ ያለው ከሥሩ ነው።

ኔማቶድ የሚባሉት የአፈር ትሎች ርዝመታቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስለሆነ በዓይን አይታዩም። አንደኛው ዓይነት የአትክልትን ሥር እያሳበጠ እንደ መቁጠሪያ አንጓ ያበጅበታል፤ አንዲቱ እንስት በመቶ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። በስንዴና በገብስ ላይ የሚያይለው ሌላው ዓይነት ደግሞ አንጓ አያበጅም፤ በሥሩ ውስጥ እየተዘዋወረ ያቆስለዋል፣ ሥሩም ቡናማ ሆኖ ያጥራል።

ስለዚህ ማዳበሪያ ከመግዛት በፊት ተክሉን በአካፋ ቀስ ብሎ ነቅሎ፣ ሥሩን አጥቦ ማየት ይገባል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በባቄላና በአተር ሥር ላይ ያለው እንክብል በሽታ አይደለም፤ በጣት ሲነኩት በቀላሉ ይላቀቃል፣ ሲቆረጥም ውስጡ ቀላ ያለ ነው፤ ለመሬቱ ናይትሮጅን የሚሰጥ በረከት ነው። የትሉ እብጠት ግን ሥሩ ራሱ ያበጠ ስለሆነ አይላቀቅም።

በውጭ አገር አንዳንድ ገበሬዎች በብርዱ ወራት መሬታቸውን ባዶ አይተዉም፤ ሸፋኝ ሰብል ይዘሩበታል። የሚያስደንቀው ከእነዚህ ሰብሎች አንዱ የእኛው ጎመንዘር መሆኑ ነው። በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ በክረምት ይዘራል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ከዘይቱ የተሠራ ነዳጅ የተቀላቀለበት አውሮፕላን ከሎስ አንጀለስ ሜልቦርን በሯል። እኛ ምጣድ የምናሰስበት ፍሬ ማለት ነው!

ትሉን የሚጎዳው ያው ሰናፍጭ ሲፈጭ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ነገር ነው። ቅጠሉ ሳይነካ ሲቆም አይወጣም፤ ተቀጥቅጦ እርጥበት ሲያገኝ ግን ጋዝ ሆኖ በአፈሩ ውስጥ ይሰራጫል። እንግዲህ ጎመንዘሩ አበባ ሲያወጣ አጭዶ፣ በደንብ ከትክቶ፣ በዚያው ሰዓት በእርጥብ አፈር ውስጥ መገልበጥ ነው። እስከ ማግሥቱ ከቆየ ኃይሉ በነፋስ ይሄዳል። ከዚያም ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት መታገሥ ያሻል፤ ጋዙ ለዘርም አይራራምና። አበባውን አልፎ እንዲቆይ መተውም አይበጅም፤ የአንጓው ትል አንዳንዱ በጎመንዘሩ ሥር ላይ ራሱ ይራባል። ደግሞም ይህ ዘዴ የትሉን ቁጥር ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም።

በእኛ አገር የሚያስቸግረው የዘሩ ነገር አይደለም፤ ሆለታ ያለው የምርምር ማዕከል ጎመንዘርን ለረጅም ዓመታት ሲያሻሽል ኖሯል። የሚያስቸግረው ከብቱ ነው። እህሉ ከታጨደ በኋላ ማሳው ለሁሉም ከብት ክፍት ስለሚሆን በበጋ የለመለመ ነገር አያድርም። ሌላው የሆድ ነገር ነው። ልጆቿ ጎመኑን የሚጠብቁባትን እናት «ቅጠሉን አትቀንጥሺ፣ ቅበሪው» ማለት ቀላል አይደለም። እርዳታ የምንሰጥ ሰዎች ዘር ብቻ አድለን ብንሄድ፣ ዘሩ ወይ ለከብት ወይ ለድስት ይሆናል፤ ማንም አይፈረድበትም።

እንደ እኔ አስተያየት ከጓሮው መጀመር ይሻላል። ጓሮ አጥር አለው፣ ውኃም ቅርብ ነው። ከአራት መደብ አንዱን ብቻ ለሚቀበር ጎመንዘር መተው፣ ሦስቱን ለቤት ማስቀረት ይቻላል። በእህል ማሳ ደግሞ የበልግ ዝናብ በሚገኝበት አካባቢ፣ ጎረቤት ሁሉ ከብቱን ለመጠበቅ ከተስማማ፣ በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት ዘርቶ በግንቦት መገልበጥ ነው፤ ስንዴው እስኪዘራ በቂ ጊዜ አለ። ዘይቱ የወጣለት የጎመንዘር ፋጉሎም ተፈጭቶ ከአፈር ጋር ሲቀላቀል ይረዳል፤ በኢጣልያ በዚህ ላይ ብዙ ተሠርቷል። ሆኖም በከፍተኛ ሙቀት የተጨመቀው ፋጉሎ ኃይሉን ያጣል፤ ሲገዙ መጠየቅ ነው። በሚቀጥለው መከር ጎመንዘር ከተቀበረበት መደብ አንድ ካሮት፣ ካልተቀበረበትም አንድ ካሮት ነቅሎ ሥራቸውን ጎን ለጎን ማየት ነው።