የጨለመ ግጥም ሲደርሰን ምን እንመልስ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ በስደት የምትኖሩ የእግዚአብሔር ቤተሰቦች፣

ብዙዎቻችሁ በቴሌግራምና በፌስቡክ ግጥም ትጽፋላችሁ፤ የሌላውንም ታነባላችሁ። ሥራ አልቆ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ተኝቶ ስልክ በእጅ የሚገባው በእኩለ ሌሊት ነውና የሚጻፈውም ብዙ ጊዜ የሌሊት ቃል ነው። ስለ ብቸኝነት፣ ስለ መቃብር፣ ኑሮ ስለ መሰልቸት ይጻፋል። ለእንዲህ ያለው ግጥም የምንሰጠው መልስ ቀላል ነገር እንዳይመስለን። እኛ ራሳችን ስተንበት ተምረናልና የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ነው።

ከጊዜ በፊት አንዲት እኅታችን በጉባኤያችን ቡድን ውስጥ ግጥም ለጠፈች። ይህን የምንጽፈው ፈቃዷን ጠይቀን ነው፤ ስሟንም ያለችበትንም አገር አንናገርም። ግጥሙ በር ስለሌለው ቤት፣ ስለ ጠፋ መብራት፣ አፈር ስላልነካ እጅ የሚናገር ነበር። አንዱ «ግሩም ብዕር ነው፣ ቀጥዪበት» አላት። ሌላዋ የሚያለቅስ ስቲከር ላከች። አንድ ወንድም «ይህ የተስፋ መቁረጥ መንፈስ ነው፣ ክርስቲያን እንዲህ አይጽፍም» ብሎ ገሠጻት። ሌሎች ደግሞ በር የሌለው ቤት የአሠሪዎቿ ቤት መስሏቸው ስለ ከፋላ ይከራከሩ ጀመር። እኛም ካህኑ አንድ ጥቅስ ጽፈን፣ «በርቺ ልጄ» ብለን ተኛን። ጠዋት ስናየው ግጥሙ የለም፤ አጥፍታዋለች።

በዚያች ሌሊት ግን አንዲት ሌላ እኅት በቡድኑ ምንም ሳትጽፍ ደወለችላት። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «እራት በላሽ?» የሚል ነበር። አልበላችም፤ እህል ከቀመሰች ሁለት ቀን ሆኗታል። ቀስ በቀስ ነገሩ ወጣ። እናቷ አርፋለች። መርዶው በስልክ መጥቶላታል፤ ቀብሩም አልፏል። እንዳትሄድ ፓስፖርቷ በእጇ የለም። በር የሌለው ቤት መቃብሩ ነበር። አፈር ያልነካውም እጅ የራሷ እጅ ነው፤ በእናቷ ላይ አፈር ያልመለሰው። ያን ሌሊት ለመሞት አስባ እንደነበር ኋላ ነገረችን።

እኛ በቅኔ ቤት ያደግን ነን። የኔታ ሰሙን ብቻ ይዘን ስንቀር «ወርቁስ የት አለ?» እያሉ መልሰው ያስቀምጡን ነበር። የመምህራንን ቅኔ እንፈታለን የምንል ሰዎች የአንዲት ልጃችንን ወርቅ ሳናየው አለፍን። የፈታችው ቅኔ ቤት ያልገባችው እኅት ናት፤ ግጥሙን ትታ ሰዪቱን ጠየቀቻትና።

1. የኀዘን ቃል የእምነት ማጣት ምልክት ነው ብለን አንፍረድ

ዳዊት የምትደግሙ ታውቁታላችሁ። በየዕለቱ ሲከፋፈል የሐሙስ ድርሻው ከ81 እስከ 110 ነው። በዚያ ውስጥ 87ኛው መዝሙር አለ (በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ 88ኛ ነው)። ሌሎቹ የልቅሶ መዝሙራት ብዙዎቹ በኀዘን ጀምረው በምስጋና ይፈጽማሉ። ይህ ግን ስለ ሲኦልና ስለ መቃብር፣ ስለ ጨለማ ስፍራ ተናግሮ፣ መጨረሻው ላይ ወዳጅና ዘመድ ራቀብኝ ብሎ ያበቃል። አባቶቻችን ይህን መዝሙር ከዳዊት አላወጡትም፤ ሐሙስ በመጣ ቁጥር እንድንጸልየው አስተማሩን እንጂ። ጻድቁ ኢዮብ በምዕራፍ 3፣ ነቢዩ ኤርምያስም በምዕራፍ 20 የተወለዱበትን ቀን ረግመዋል። እነዚህ ቅዱሳን ናቸው። እንግዲህ አንዲት እኅት ጨለማዋን ብትጽፍ እምነቷን ካደች ማለት አይደለም። መዝሙረኛው እንኳ ያን ሁሉ የሚናገረው ወደ እግዚአብሔር እየጮኸ ነው።

2. ቅዱሳት መጻሕፍት ሁለት ዓይነት መልስ ያሳዩናል

የኢዮብ ወዳጆች ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት በምድር ተቀመጡ። ከሠሩት ሁሉ መልካሙ ይህ ነበር። ኢዮብ አፉን ከፍቶ ቀኑን ሲረግም ግን የቃሉን ስሕተት ይለቅሙ፣ ኃጢአቱንም ይፈልጉ ጀመር። በመጨረሻ የእግዚአብሔር ቍጣ የወረደው በእነርሱ ላይ ነው (ኢዮ. 42፥7)።

ካህኑ ዔሊ ሐና በልቧ ስትጸልይ፣ ከንፈሯም ሲንቀሳቀስ አይቶ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት (1ሳሙ. 1)። ሳይጠይቅ ፈረደ። ነገር ግን ኀዘኗን ስትነግረው ቃሉን መልሶ ባረካት። እኛም በማግሥቱ ደውለን ያችን ልጃችንን ይቅርታ ጠይቀናል። የተሳሳተ መልስ የሰጠ ሰው በዚያው እንዳይቀር ዔሊ ምሳሌ ይሁነን።

ኤልያስ ደግሞ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ ሞትን ለመነ (1ነገ. 19)። መልአኩ መጥቶ «ነቢይ እንዲህ ይላልን?» አላለውም። ቀሰቀሰው፤ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ እንዲተኛ ተወው፤ ዳግመኛም አበላው። እግዚአብሔር «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ የጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ ኤልያስም ልቡን ተናገረ። አስቀድሞ እህል፣ ቀጥሎ ዕረፍት፣ ከዚያ ጥያቄ፣ ከዚያም ኤልሳዕን የሚያህል ባልንጀራ ተሰጠው። «እራት በላሽ?» ያለችው እኅታችን ሳታውቀው የመልአኩን ሥራ ሠራች።

3. የለቅሶ ቤታችንን ሥርዓት እናስታውስ

ለጨለመ ግጥም መልስ መስጠት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በአገራችን አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ ለቀስተኛው «ቤቱ አልመታም» ወይም «ይህ ቃል ከረረ» አይላትም። አብሯት ያለቅሳል። ጎረቤት ንፍሮውንና እንጀራውን ይዞ ይመጣል። ሐዘንተኛዋ ብቻዋን እንዳታድር የሚያድር ሰው ይመደባል። በስልክ መስኮት ስንገናኝ ይህን ሁሉ ረስተን ላይክ ብቻ ቀረን። በስደት ያለች ልጅ መርዶዋን ስትሰማ ለቅሶ የሚደርስላት የለም፤ ስለዚህ ሙሾዋን በቡድኑ ትጽፈዋለች። ያ ግጥም የለቅሶ ጥሪ እንደሆነ እንወቅ።

4. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሀ) በአደባባይ ከመጻፍ አስቀድማችሁ ደውሉ፤ ካልተመቻት በድምፅ መልእክት አናግሯት። «ግጥምሽን አነበብሁት፤ እንዴት ነሽ? ማን አለ አጠገብሽ? ምን ቀመስሽ?» በሉ። ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ። ጥቅሱ ይደርሳል፤ አስቀድማ ትናገር።

ለ) ቃሉ ስለ ሞት ከሆነ በግልጽ ጠይቁ፦ «ራስሽን ለመጉዳት እያሰብሽ ነው?» መጠየቃችሁ ሐሳቡን አያመጣባትም፤ ብቻዋን የተሸከመችውን የምታካፍልበት በር ይከፍትላታል። አዎ ካለች ስልኩን አትዝጉ። በአቅራቢያዋ ያለ ሰው ፈልጉ፤ ለአደጋ ጊዜ እርዳታም ደውሉ። በሊባኖስ ቀይ መስቀል 140፣ በኤምሬትስ አምቡላንስ 998፣ በሳዑዲ 997፣ በኩዌት 112 ነው። የየአገራችሁን ቁጥር ዛሬውኑ መዝግቡ።

ሐ) ግጥሟን በስክሪንሾት ወደ ሌላ ቡድን አታስተላልፉ። ለእናንተ ያሳየችው አሠሪዋ ወይም አገር ቤት ያለ ዘመድ እንዲያየው አይደለም።

መ) «ጸልዪ፣ ጠበል ተጠመቂ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ከቤት እንኳ የማትወጣ ልጅ ጠበል ከወዴት ታገኛለች? እናንተ አብራችኋት ጸልዩ፤ ንስሐ አባቷን አገናኙአት። ሕመሙ ከጸና ሐኪምም ያስፈልጋታል፤ ሐኪምን የፈጠረ እግዚአብሔር ነው።

5. ግጥም ለምትጽፉ

በመጻፋችሁ አትፈሩ። ግን ሁለት ነገር እንለምናችኋለን። የመጀመሪያው፣ ሞትን ማሰብ ሲመጣ በግጥም ውስጥ ብቻ ደብቃችሁ አትተዉት፤ ለአንድ ለምታምኑት ሰው በተራ ቃል ንገሩት፤ ወርቁን የሚያገኘው ሁሉም አይደለምና። ሁለተኛው፣ ግጥማችሁን አይቶ በውስጥ መስመር የሚመጣ ሁሉ አጽናኝ አይደለም። ያዘነችን ሴት የሚያድኑ አሉ። ፎቶ፣ ገንዘብ ወይም ከቤት መጥፋትን የሚጠይቃችሁን ሰው ሽሹት።

ጌታችን በጌቴሴማኒ ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ እንዳዘነች ለደቀ መዛሙርቱ ሲነግራቸው ትምህርት አልፈለገባቸውም፤ በዚያ ቆዩ፣ ከእኔም ጋር ትጉ ነው ያላቸው (ማቴ. 26፥38)። እነርሱ ግን ተኙ። እኛም ያን ሌሊት ተኝተናል። ከእንግዲህ ግን በእኩለ ሌሊት የተጻፈ ቃል ሲደርሰን ከሚተጉት ወገን እንሁን።

ያች እኅታችን ዛሬ ደኅና ናት። በእናቷ 40 ቀን የክርስትና ስማቸውን ጠርተን ጸሎተ ፍትሐት አደረስን፤ እርሷም በስልክ ሆና ሰማች። በሚቀጥለው ዓርብ ዕረፍት ያገኙ እኅቶች በአንድ መስመር ተሰብስበው አለቀሱላት። ያጠፋችውን ግጥም ለእነርሱ ራሷ አነበበችላቸው።

የእናቷን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ በባዕድ አገር ብቻችሁን የምታለቅሱትንም ሁሉ እመቤታችን በአማላጅነቷ ትጎብኛችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።