መለኪያው በምን ይለካል?

የባሕር ኮራል በቤቱ ገንዳ ለማኖር የተነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚይዘው አንድ መሠረት አለ። የጨው መለኪያ ቁጥር ስላሳየ ብቻ አይታመንም፤ የሚታመነው መጠኑ በታወቀ ፈሳሽ ተፈትኖ ትክክል ሆኖ ሲገኝ ነው። የዛሬው ትምህርት ይህን አንድ ነገር ቀስ ብሎ ለማስረዳት ነው።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የኦሪት ዘዳግም ሕግ ነጋዴ ሁለት ዓይነት የሚዛን ድንጋይ እንዳይዝ ይከለክላል። ቁርኣንም ሰፍረው በሚያጎድሉ ሰዎች ስም የተሰየመ ምዕራፍ አለው። ሁለት መለኪያ ይዞ ደስ የሚለውን ቁጥር ያሳየውን የሚመርጥ የገንዳ ባለቤት እዚያው በደል ውስጥ ይገባል፤ የሚጎዳው ግን መናገር የማይችል ፍጥረት ነው። ዓሣ በስንጥቡና በኩላሊቱ የሰውነቱን ጨው ይቆጣጠራል። ኮራልና የባሕር ኮከብ ይህ አቅም የላቸውም፤ የውሃው ጨው ሲጨምርና ሲቀንስ የሰውነታቸው ፈሳሽም አብሮ ይከተላል።

ታዲያ ትክክለኛው መጠን ስንት ነው? የውቅያኖስ ውሃ በአንድ ኪሎ 35 ግራም ገደማ ጨው ይይዛል፤ የቤት ገንዳም የሚያዘው በዚሁ ልክ ነው። ሱዳን ውስጥ ካርቱም ላለ ሰው ግን ቅርቡ ባሕር ቀይ ባሕር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የባሕር አሳሹ ዣክ ኩስቶ በሻዕብ ሩሚ ሪፍ ሰዎችን ከውሃ በታች ያኖረበት፣ በ2016 ደግሞ የሳንጋኔብና የዱንጎናብ የባሕር ፓርኮች በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡበት ባሕር። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ አይገባበትም፤ ዝናቡ ጥቂት፣ ትነቱ ብዙ ነው። ስለዚህ በፖርት ሱዳን አካባቢ ውሃው ወደ 39 ይጠጋል። ከዚያ በጄሪካን 10 ኪሎ ውሃ ያስመጣ ሰው ወደ 35 ለማውረድ 1.1 ኪሎ ያህል ንጹሕ የተጣራ ውሃ ይጨምርበታል። ስሌቱ ቀላል ነው። ውሃው 39 መሆኑን የነገረን ግን መለኪያው ነው፤ እርሱ ከዋሸ ስሌቱም አብሮ ይዋሻል።

ብዙ ሰው የሚይዘው ሪፍራክቶሜትር ነው። ጠብታ ውሃ መስታወቱ ላይ ታደርጋላችሁ፣ ክዳኑን ትዘጋላችሁ፣ ወደ ብርሃን አዙራችሁ ታያላችሁ፤ ሰማያዊውና ነጩ የሚገናኙበት መስመር ንባባችሁ ነው። ጨው ሲበዛ ብርሃን ይበልጥ ይታጠፋል፤ መሣሪያው የሚያነበው ይህንኑ መታጠፍ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ይደበቃሉ። አንደኛው በተጣራ ውሃ ዜሮ ላይ አስተካክሎ መርካት ነው። ዜሮ ላይ ትክክል የሆነ መሣሪያ 35 ላይ ሊስት ይችላል፤ እኛ ደግሞ የምንኖረው 35 ላይ ነው። ሁለተኛው መሣሪያው ለየትኛው ውሃ እንደተሠራ አለማወቅ ነው። ርካሽ ከሆኑት ብዙዎቹ የተሠሩት ለተራ የገበታ ጨው ውሃ እንጂ ለባሕር ውሃ አይደለም፤ በእነርሱ እውነተኛ 35 የሆነ የባሕር ውሃ 36.5 ገደማ ሆኖ ይነበባል። ባለቤቱ «በዝቷል» ብሎ ያቀጥናል፤ ገንዳው 33.5 ላይ ሲደርስ መሣሪያው «አሁን ልክ ነው» ይለዋል። ስለዚህ መፈተሻችሁ በ35 የባሕር ውሃ ልክ የተዘጋጀ ፈሳሽ ይሁን፤ መስመሩ 35 ላይ እስኪያርፍ ድረስ ትንሿን ብሎን አዙሩ።

«ፈሳሹንስ ማን ፈተነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ጥያቄው የሚገባ ነው፤ ለካርቱም ሰው ደግሞ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። በዚያ ደረቅ ሙቀት ክዳኑ በደንብ ካልጠበቀ ጠርሙስ ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። 100 ግራም ፈሳሽ 3 ግራም ውሃ ቢያጣ 35 የነበረው 36 ያልፋል። በእርሱ የተስተካከለ መሣሪያ ከዚያ በኋላ አሳንሶ ያነባል፤ ባለቤቱም ሳያውቀው የገንዳውን ጨው ያበዛል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን የጀመረው ጦርነት ብዙ ቤት ዘግቷል። ተመልሶ ገንዳውን ዳግም የሚሞላ ሰው መሳቢያ ውስጥ ያገኘውን የመፈተሻ ጠርሙስ ይድፋው፤ ስንት በጋ እንዳለፈበት አስቡ።

አዲስ መግዛት ካልተቻለ በቤት ይዘጋጃል። አዮዲን የሌለበትና በደንብ የደረቀ ንጹሕ ጨው 36.5 ግራም፣ የተጣራ ውሃ 963.5 ግራም። ይህ ድብልቅ ብርሃንን የሚያጥፈው ልክ እንደ 35 የባሕር ውሃ ነው። በጨው ላይ የአንድ ግራም ስሕተት ንባቡን በአንድ ያህል ያዛባል፤ ስለዚህ የወጥ ቤት ሚዛን አይበቃም፤ ወርቅ ሠሪዎች የሚይዙትን ዓይነት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ፈልጉ። ይህ ድብልቅ ለሪፍራክቶሜትር ብቻ መሆኑንም አትርሱ።

ሙቀቱ ሌላ ጣጣ አለው። ሙቀትን ራሱ ያካክሳል የሚባለው ሪፍራክቶሜትር በብዛት የሚሠራው ከ10 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው፤ የግንቦት ካርቱም ግን ከ40 በላይ ይወጣል። መሣሪያውን መስኮት አጠገብ ወይም መኪና ውስጥ አታስቀምጡ፤ በማለዳ፣ ቤቱ በቀዘቀዘበት ሰዓት፣ ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት ለኩ። ጠብታውን እንዳደረጋችሁ ክዳኑን ቶሎ ዝጉ፤ ስስ ጠብታ በደረቅ አየር ወዲያው ይተናል። ከዚያ ግማሽ ደቂቃ ታግሳችሁ አንብቡ። ስትጨርሱ በተጣራ ውሃ አጥባችሁ በለስላሳ ጨርቅ አድርቁ፤ የደረቀ የጨው ቅርፊት የነገን ንባብ ያበላሻል።

በኤሌክትሪክ አስተላላፊነት የሚለካው መሣሪያ ጥሩ ነው፤ መፈተሻው ግን በ25 ዲግሪ 53 ሚሊሲመንስ በሴንቲሜትር የሚያሳየው ፈሳሽ ይሁን፤ ጫፉ ላይ የአየር አረፋ እንዳይቀር ውሃው ውስጥ ነቅነቅ አድርጉት። ተንሳፋፊው የብርጭቆ ሃይድሮሜትር በላዩ በተጻፈው ሙቀት ላይ ብቻ ይነበባል። የፕላስቲኩን፣ ክንዱ የሚወዛወዘውን፣ እኔ አልመክርም፤ አንዲት አረፋ ክንዱ ላይ ከተጣበቀች ከፍ አድርጎ ያሳያል።

ሁለት መሣሪያ ካልተስማሙ አማካዩን አትውሰዱ። ሁለቱንም ወደ መፈተሻው ፈሳሽ አምጧቸው፤ የሳተው ይታወቃል። መሣሪያው ለወራት ሲስት እንደቆየ ካወቃችሁ ደግሞ ገንዳውን በአንድ ቀን ለማቅናት አትቸኩሉ። ኮራሎቹ የተሳሳተውን ጨው ለምደውታል፤ በቀን በአንድ ኪሎ ውሃ ከአንድ ግራም የበለጠ አታንቀሳቅሱባቸው፤ በየማለዳው ከመጨመራችሁ በፊት እንደገና ለኩ።