ክረምቱን ቆሞ የከረመ ሞተር ብስክሌት

በሰሜን ጎንደር ደጋ የክረምቱ ጭቃ መንገድ ሲዘጋ፣ የተረጂዎችን መዝገብ ወደ ቀበሌዎች የሚያደርሰው ሞተር ብስክሌት ቆሞ ይከርማል። በጥቅምት ሲነሣ ከተንተፋተፈና ዳገት ላይ ከደከመ፣ የሚወቀሰው የደጋው አየር ነው። እርግጥ ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር፣ ደባርቅም ከ2,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላቸው አየሩ ስስ ነው። ሆኖም ከክረምቱ በፊት በዚያው ስፍራ ደኅና ይሠራ ለነበረ ሞተር ከፍታው አልተለወጠበትም፤ ጉድለቱ በሌላ ይፈለግ።

መለያው ካንዴላው ነው። ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታልና የአየር ማጣሪያው ይጽዳ። ከነጣ ግን ቤንዚን አንሶታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ቆሞ የከረመው ቤንዚን ተንኖ የተወው ሙጫ የካርቡራተሩን ቀጭን ቀዳዳ መዝጋቱ ነው። ስለሆነም ካርቡራተሩ ከእሳት ርቆ ይፈታ፤ ቀዳዳው በሽቦ ሳይጫር በንጹሕ ቤንዚንና በአየር ግፊት ይጠረግ፤ አሮጌው ቤንዚን ተወግዶ አዲስ ይሞላ።

ሳይጠረግ ቢነዳ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል። ወደ መተማ ቆላ ሲወርድ አየሩ ስለሚወፍር ችግሩ ይብሳል፤ ሞተሩ በመንገድ ከቀረም የተረጂው ራሽን ይዘገያል።

ለከርሞው መከላከያው ቀላል ነው፤ ከመቆሙ በፊት የቤንዚኑን ቧንቧ ዘግቶ፣ ሞተሩ በካርቡራተሩ የቀረውን ጨርሶ እስኪጠፋ ማስነሣት ይበቃል።