የእጅ ሰዓትን ከክፍሎቹ መገጣጠም

የእጅ ሰዓትን በትርፍ ጊዜው የሚገጣጥም ሰው ማሽኑን፣ የቁጥር ገጹን፣ ጠቋሚዎቹን፣ ቀፎውንና ማሰሪያውን ለየብቻ ይገዛል። ዋናው ጥያቄ የሚነሣው ግን ሰዓቱ መሥራት ከጀመረ በኋላ ነው፤ በትክክል ይቆጥራልን?

ለምሳሌ “ኢቲኤ 6497-2” የተባለውን፣ በእጅ የሚሞላውን የስዊስ ማሽን እንመልከት። ስፋቱ 36.6 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ለጀማሪ ዓይንና ጣት ይመቻል። የተጠመጠመው ዋና ሞላ ኃይሉን በጥርሳማ መንኮራኩሮች በኩል ወደሚወዛወዘው ሚዛን መንኮራኩር ያደርሳል። ይህንን መንኮራኩር ወዲያና ወዲህ የሚመልሰው፣ ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሃይገንስ እ.ኤ.አ. በ1675 ያስተዋወቀው ቀጭን ጥምዝ ሞላ ነው።

ማሽኑ በአንድ ሰዓት 21,600 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 6 ጊዜ ይመታል። አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ ስላለው፣ በቀን 10 ሰከንድ የሚቀድም ሰዓት ስሕተቱ ከ8,640 አንድ እጅ ብቻ ነው። ሆኖም ስሕተቱ ሲጠራቀም በ30 ቀን 5 ደቂቃ ይሞላል።

ስሕተቱን ለማረም በማሽኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ማስተካከያ እናንቀሳቅሳለን፤ የጥምዙ ሞላ የሚሠራው ርዝመት ሲያጥር ሰዓቱ ይፈጥናል፣ ሲረዝም ይዘገያል። ነገር ግን አስቀድመን ምክንያቱን እንመርምር። ወረንጦአችን ወይም ካቻቪቴአችን ማግኔት ይዞ ከሆነ ወደ ሞላው ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሞላው ዙሮች እርስ በርስ ይጣበቁና ሰዓቱ በብዙ ደቂቃ ሊቀድም ይችላል። ኮምፓስ ስናስጠጋ መርፌው ከምቱ ጋር ቢንቀጠቀጥ፣ መፍትሔው ማግኔቱን ማስለቀቅ እንጂ ማስተካከያውን መግፋት አይደለም።

ከዚህ ትንሽ ማሽን የምንማረው ይህንኑ ነው፤ ልኬትን ከማረም በፊት የስሕተቱን ምንጭ ማወቅ ይቀድማል።